ፓምፑ ምን በደለ?

እህቴ ከሜሪላንድ በሰው እጅ የላከችልኝ የኤስፕሬሶ ማሽን ሦስት ወር በሰላም ሠራ። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፀባዩ ተለወጠ። ቁልፉን ስጫነው ያጓራል፣ ያቃስታል፤ ስኒው ውስጥ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ብዙ ካስጠበቀኝ በኋላ እንደ ሬት የመረረ ጥቁር ጠብታ ያንጠባጥባል። ምድር ቤት የሚኖሩትን ጋሼን ጠራኋቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የቡና ቤት ማሽን ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴያቸውን በኮታቸው ኪስ ሸጉጠው መጡ። እማዬ በረንዳው በር ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቡና እየቆላች ነበር፤ ምጣዱን ብድግ አድርጋ አዞረችላቸው፣ ጭሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉና መረቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩ።

ጋሼ፦ ኮርኒሱ ላይ ያለው ምንድን ነው? ቡና ነው?

እኔ፦ ቡና ነው፣ ጋሼ። ትናንት አልወርድ ሲለኝ እጀታውን ፈታሁት። ፈነዳ።

ጋሼ፦ ዓይንህን እግዜር ነው ያተረፈው! ቡናው ውሃውን አላሳልፍም ሲል ግፊቱ የት የሚሄድ ይመስልሃል? እዚያው ታፍኖ ይቀመጣል። የቡና ቤቱ ማሽን ስታጠፋው ግፊቱን በሌላ በኩል የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለው፤ የቤት ማሽን ግን ሁሉም የለውም። ሁለተኛ እንዲህ ሲዘጋብህ አጥፋው፣ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ተወው፣ ከዚያ በጨርቅ ይዘህ በጥቂት በጥቂቱ አላቀው። ፍስ ካለ እዚያው ላይ ቁም። በል፣ ባለፈው ሳምንት ምን ቀየርክ?

እኔ፦ ምንም አልቀየርኩም።

ጋሼ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።

እኔ፦ እውነቴን ነው። ፓምፑ የሞተ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤትም አንዱ ፓምፕ ቀይር ብሎኛል።

ጋሼ፦ የሚጮኸው እሱ ስለሆነ ጥፋቱም የሱ ይመስላል። እስቲ እኔ እንደሌለሁ ቁጠርና ሁልጊዜ እንደምታደርገው አንድ አውጣልኝ።

(ፈጨሁ፣ ሞላሁ፣ ጠቀጠቅኩ፣ ገጠምኩ። ቁልፉን ስጫን እሳቸው ስኒውን ትተው ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞሩ፤ የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን አንሥተው አንገታቸውን አሰገጉ።)

እኔ፦ ጋሼ፣ ቡናው የሚወርደው በዚህ በኩል ነው።

ጋሼ፦ የሚወርድ ነገር ቢኖር እዚያ በቆምኩ። ና፣ እይ። ይህቺ ቀጭን ቱቦ ውሃውን መልሳ ማጠራቀሚያው ውስጥ ስትተፋው ትታይሃለች? ፓምፑ ገፋ፣ ቡናው እምቢ አለ፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን የምትመልሰው ቫልቭ ተከፈተች። የደከመ ፓምፕ እሷን ለማስከፈት አቅም የለውም። ስንት ሰከንድ ሆነ?

እኔ፦ 72። የወረደው 20 ግራም አይሞላም።

ጋሼ፦ ስንት ግራም ቡና አስገብተህ?

እኔ፦ ሁለት ማንኪያ።

እማዬ፦ ሁለት ማንኪያ ነው? እንደ ጤፍ ክምር ነው ቆልሎ የሚሞላው።

ጋሼ፦ እሱ ይቆየን፣ እትዬ። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ከነካን የቱ እንዳዳነው አናውቅም። መጀመሪያ ቡናውን ከመሃል እናውጣው። ሲበርድልህ እጀታውን አውጣና ባዶውን ልቀቀው።

(ለቀቅኩት። መጀመሪያ ተንፈቀፈቀ፣ እንፋሎት ተፋ፣ ከዚያ ውሃው መጣ።)

እኔ፦ ይኸው! እንደ ድመት ይተፋል። ይሄ ጤና ነው?

ጋሼ፦ አዲስ አበባ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

እኔ፦ በ100 ነዋ።

ጋሼ፦ በ100 የሚፈላው ጅቡቲ ነው፣ ባሕሩ ዳር። እኛ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ይሄ ማሽን ደግሞ ውሃውን 93 አካባቢ ሊያደርሰው ይችላል። ቡና ሲኖርበት ዘጠኝ ባር ያህል ተጭኖት ስለሚያልፍ አይፈላም። ባዶውን ስትለቀው ግን አየር ባገኘበት ቅጽበት ፈልቶ ይተፋል። ስንቱ ቡና ቤት ለዚሁ ብሎ ጠርቶኝ መጥቻለሁ መሰለህ፤ የመኪና ሒሳብ ተቀብዬ ሄጃለሁ።

እማዬ፦ የኔስ ጀበና?

ጋሼ፦ የእርስዎም ከ92 ብዙ አትዘልም።

እማዬ፦ አንድም ቀን ግን ተዘግታብኝ አታውቅም።

ጋሼ፦ (እየሳቁ) እንፋሎቱን ተወውና ውሃውን እይ። የሚወርደው በግራ በኩል ብቻ ነው። በቀኝ ደረቅ ነው። ፎጣ ስጠኝ።

(ማሽኑ እስኪበርድ ጠበቅን። ከላይ እጀታው የሚገጥምበት ቦታ መሃል ላይ አንዲት ብሎን አለች። ካቻቢቴያቸውን አስገብተው በዝግታ ፈቷት፤ የሳንቲም ያህል የሳሳች ክብ ወንፊት መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ፊቷ ንጹሕ ነበር፤ በየቀኑ በጨርቅ የምወለውለው እሱን ነው። ገለበጧት። ጀርባዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ቅጥራን የሚያጣብቅ ነገር ተጋግሯል። በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሸተቱትና ለኔ ሰጡኝ። የከረመ የዘይት መጥበሻ ይሸታል።)

ጋሼ፦ የሦስት ወር ቡና ነው። የምትጠጣው ውሃ በዚህ ውስጥ አልፎ ነበር የሚመጣልህ።

እኔ፦ በየቀኑ አጸዳዋለሁ እኮ!

ጋሼ፦ ፊቷን ነው ያጸዳኸው። ቆልለህ ስትሞላ ቡናው ሲረጥብ ያብጥና እሷን ይነካል፣ ይጋገርባታል። ደቃቁ በቀዳዳዎቿ ሾልኮ ጀርባዋ ላይ ይሰፍራል። እትዬ፣ ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ያገኛሉ? የዕቃ ሳሙናም ጠብ ያድርጉበት። ሃያ ደቂቃ ይነከር፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ።

(እስኪነከር ድረስ ዓይናቸው የኤሌክትሪክ ገመዱን ተከትሎ ሄደ። ማሽኑ ትራንስፎርመር ላይ፣ ትራንስፎርመሩ ዲቫይደር ላይ፣ ዲቫይደሩ ላይ ደግሞ ፍሪጁም አለ።)

ጋሼ፦ ይሄ ሣጥን እንደ እንጀራ ምጣድ ግሏል።

እኔ፦ ማሽኑ የአሜሪካ ነው፤ 120 ቮልት። እሱ ከሌለ ይቃጠላል።

ጋሼ፦ ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብልኝ።

እኔ፦ 1,350 ዋት ይላል።

ጋሼ፦ ሣጥኑስ?

እኔ፦ 1,000።

ጋሼ፦ አህያው ላይ የበቅሎ ጭነት ጭነህበታል። ማሞቂያው በበራ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል፣ ፓምፑም አብሮ ይለሰልሳል። ሌላም አለ። አሜሪካ መብራቱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኛ 50 ጊዜ። የዚህ ፓምፕ ሆድ ውስጥ ያለችው ዘንግ በእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ጊዜ ነው የምትገፋው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ምልልሱን አይቀይርም። እዚያ በሰከንድ 60 ጊዜ ትገፋ የነበረችው እዚህ 50 ጊዜ ትገፋለች።

እኔ፦ ተገኘ! የዘገመው ለዚህ ነው።

ጋሼ፦ አልተገኘም። ሦስት ወር በዚሁ ሣጥን አልሠራም? ደግሞስ ለአንድ ስኒ የሚያስፈልግህ በሰከንድ ከአንድ ግራም ብዙም የማይበልጥ ውሃ ነው፤ ተቀንሶበትም ከዚያ ብዙ አብልጦ ይገፋል። ትርፉን ሲመልስ አሳይቼሃለሁ። ሣጥኑን የምትቀይረው ለቡናው ብለህ ሳይሆን ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። ባለ 2,000 ዋት ግዛ፤ ፍሪጁንም ከዚያ ላይ አንሣው። ዛሬውኑ።

እማዬ፦ ስንት ጊዜ ነገርኩህ?

(እዚህ ላይ ያነሡትን የውሃ ነገር በአጭሩ ልለፈው፦ ከአቃቂ ጉድጓድ የሚመጣው ውሃ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል፤ የእማዬን ማንቆርቆሪያ ከፍተው ውስጡ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት አሳዩኝ። ያው ቅርፊት ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ የማሽኑን ቀጫጭን መንገዶች ያጠባል። በሦስት ወር ግን አይደርስም፤ ስለዚህ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ሰረዙት።)

እኔ፦ እርስዎ ሥራ ሲጀምሩም እንዲህ በሰዓት እየለኩ ነበር?

ጋሼ፦ ምን ሰዓት አለ! እኔ የተማርኩት በማንሻው ማሽን ነው። አኪሌ ጋጂያ የሚባል ሚላኖ ውስጥ ቡና ቤት የነበረው ጣሊያን ነው መንገዱን የከፈተው፤ የመጀመሪያ ፓተንቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፣ ባለ ስፕሪንጉን ማንሻ ያመጣው ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ። ማንሻውን ወደ ታች ትስበዋለህ፣ ትለቀዋለህ፤ ስፕሪንጉ ውሃውን ቡናው ላይ ይጫነዋል፣ ማንሻውም እየተጎተተ ይነሣል። ቡናው ልክ ሲሆን አነሣሡን አይተህ ታውቀዋለህ። ከመጠን በላይ ከደቀቀ ማንሻው እንደተደፋ ይቀራል፤ አስተናጋጁ «ሁለት ማኪያቶ!» እያለ ይጮኻል፣ አንተ ማንሻውን እያየህ ትቆማለህ። ያኔ ፓምፕ ሞተ የሚል ሰው አልነበረም፤ ፓምፕ አልነበረማ። የሚወቀሰው ወፍጮው ነው። ፓምፕ ያለው ፋኤማ ኢ61 የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ስሙም የዚያ ዓመት የፀሐይ ግርዶሽ መታሰቢያ ነው። ከዚያ ወዲህ እጅ ሥራ ፈታ፣ ጆሮና ሰዓት ቀረ። ወንፊቷን አምጣት።

(ታጥባ ስትወጣ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዟት፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ታበራለች። መልሰው ገጠሟት። ባዶውን ስንለቀው ውሃው በሁሉም በኩል እንደ ሻወር ወረደ። ሌላ ምንም ሳልነካ እንደ በፊቱ አንድ ቡና አወጣሁ።)

እኔ፦ 58 ሰከንድ። ይሄን ሁሉ ለፍተን?

ጋሼ፦ ከማሽኑ በኩል ያለው ነገር ይኸው ነበር፤ ነጻ ወጣ። አሁን ቡናውን እንመርምር። ሳንቲም አለህ? የአንድ ብር።

(እንደ ልማዴ ሞልቼ ጠቀጠቅኩት። ሳንቲሙን አንበሳው ወደ ታች ዞሮ ቡናው ላይ አስቀመጡት፤ እጀታውን ገጥሜ ውሃ ሳልለቅ መልሼ እንዳወጣው ነገሩኝ። ሳንቲሙን በጥፍራቸው ፈልቅቀው ሲያነሡት ቡናው ላይ ክብ ጉድጓድ ቀርቷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጎፈሬያም የአንበሳ ራስ ቁልጭ ብሎ ታትሟል።)

ጋሼ፦ ቡናው ገና ደረቅ ሳለ እንኳ የሳንቲም ውፍረት ታህል ክፍተት የለውም። ውሃ ሲነካው ወዴት ይበጥ? ሚዛን ላይ አውጣው።

እኔ፦ 22 ግራም ተኩል።

ጋሼ፦ ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ ለዚህ የእጀታ ወንፊት ስንት ይላል?

እኔ፦ 18።

ጋሼ፦ በል 18 አድርግ። ወፍጮውን እንዳትነካ!

(47 ሰከንድ። አሁን ቢያንስ ክር ሆኖ ወረደ። ስኒውን አልጣሉትም፤ በማስቀመጫ ሸፍነው ወደ ጎን አደረጉት።)

ጋሼ፦ ይሄ ቡና መቼ ነው የተቆላው?

እማዬ፦ ከትናንት ወዲያ። በእጄ። ከይርጋጨፌ የመጣልኝ ነው።

ጋሼ፦ ከዚያ በፊትስ የምን ቡና ነበር?

እኔ፦ የታሸገ። ከሱቅ። ባለፈው ሳምንት አለቀና...

ጋሼ፦ ምንም አልቀየርኩም አላልክም?

እኔ፦ ቡና ነው ብዬ ነዋ! ቡና ያው ቡና ነው።

ጋሼ፦ የታሸገው እንዴት ይወርድ ነበር?

እኔ፦ መጀመሪያ ይፈጥንብኝ ነበር። ሱቅ ብዙ የቆየ መሰለኝ። ወፍጮውን እያጠበቅኩ፣ እያጠበቅኩ፣ ቡናውንም ጨመር እያደረግኩ ልክ አመጣሁት።

ጋሼ፦ ነገርየው ይኸው ነው። ለሞተ ቡና ያጠበቅኸው ወፍጮ ላይ ሕይወት ያለው ቡና ጨመርክበት። ቡና ከተቆላ በኋላ ቀናት ሙሉ ጋዝ ያወጣል። እትዬ ጀበና ውስጥ ሲጨምሩት ጋዙ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ማንንም አያስቸግርም። እዚህ ግን ተጠቅጥቆ፣ ከላይና ከታች ተዘግቶበት፣ ከሚመጣው ውሃ ጋር ይገፋፋል። ቡናው ሲያረጅ ጋዙ ያልቃል፣ ውሃው ዘው ብሎ ያልፋል።

እማዬ፦ ትኩስ ቡና ነውር ሆነ እንበላ?

ጋሼ፦ ለጀበና ክብር ነው፣ እትዬ። ለዚህ ግን ከቆሉለት በቆርቆሮ ከድነው ሳምንት ያስቀምጡለት።

እማዬ፦ ሳምንት! እንግዳ ሲመጣስ «ለሳምንት ተመለስ» ልበለው?

ጋሼ፦ ለእንግዳ ጀበናዎን ያቀርባሉ። (ከፈጨሁት ቡና ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ላይ እንደ ዱቄት ቡናማ ሆኖ ቀረ።) ይህን አዩት?

እማዬ፦ ድቃቂ በዝቶበታል። እንዲህ ሲሆን ጀበናም ቢሆን አተላው አይዘቅጥም፤ ስኒ ውስጥ ይመጣል።

ጋሼ፦ አዎ። እሷ ድቃቂ ናት ወርዳ ወርዳ የታችኛውን ወንፊት ቀዳዳ የምትደፍነው። የኛ አገር ቡና ፍሬው ትንሽና ጠንካራ ነው፤ ሲፈጭ ድቃቂ ይበዛዋል ይላሉ ማሽን ላይ የሚሠሩት ልጆች፣ እኔም አይቼዋለሁ። ወፍጮውን አንድ ጥርስ አላላው። አንድ ብቻ። ከዚያ ጥቂት ፍጭና ድፋው፤ ጉሮሮው ውስጥ የቀረው የቀድሞው ነው።

(አንድ አሉኝ፤ እኔ አራት አላላሁት። ሰዓቱ ረፍዷል፣ አራተኛ ቡናችን ላይ ነን፣ ልጨርስ ብዬ ነው። ቁልፉን ስጫን ውሃው እንደ ሻይ ቀልቶ ዱብ ዱብ ሳይል ፈሰሰ፤ በ14 ሰከንድ ስኒው ሞላ።)

ጋሼ፦ አራት ነው አምስት?

እኔ፦ ...አራት።

ጋሼ፦ ቅመሰው።

(ቀመስኩት። የሎሚ እጣቢ ነው።)

ጋሼ፦ አሁን መልሰህ ስታጠብቅ ወፍጮው እየዞረ ይሁን፤ ቆሞ ካጠበቅኸው በጥርሶቹ መሃል የቀረው ፍሬ ይነክስብሃል። ሦስት መልስ። ድፋ። መዝን።

(18 ግራም። ጠቀጠቅኩ፣ ገጠምኩ። ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም፤ ከዚያ በሁለቱ አፎች ጥቁር ጠብታ አቆጠቆጠ፣ ወፈረ፣ የአይጥ ጭራ መሰለ፣ ቀስ በቀስ ወደ ማር ቀለም ነጣ። የፓምፑ ድምፅም ሌላ ሆነ፤ ማቃሰቱን ትቶ እንደ ንብ እምም ይላል። ሚዛኑ 36 ግራም ሲል አጠፋሁት። 33 ሰከንድ።)

እኔ፦ መጽሐፉ 25 እስከ 30 ይላል። ትንሽ ላላላው?

ጋሼ፦ ምላስህ የት ሄዶ ነው መጽሐፍ የምትጠይቀው? መጀመሪያ ያን 47ቱን ቅመስ።

እኔ፦ ይመራል። ምላስ ይይዛል።

ጋሼ፦ አሁን ይህን።

እኔ፦ ...ይጣፍጣል። መጨረሻው ላይ ብርቱካን ብርቱካን ይላል።

ጋሼ፦ ስለዚህ ምኑን ነው የምታላላው? 47ቱ እንዲህ ቢጣፍጥ ኖሮ እሱንም አልነካውም ነበር። እትዬ፣ ይቅመሱ።

እማዬ፦ (በስኒው ጠርዝ ጫፉን ነክታ) ጥሩ ነው። ትንሽ ናት።

(ጋሼ የቁስል ፕላስተር ጠየቁኝ፤ ቆርጠው ወፍጮው ጎን ላይ ለጠፉትና በእስክሪፕቶ «18 – 36 – 33» ብለው ጻፉበት። ከሥሩ እማዬ የቆላችበትን ቀን አከሉበት። የእማዬ ጀበና እስኪሰክን ቁጭ አሉ፤ አቦሉን ጠጥተው፣ በረካውንም ሳይደግሙ እንደማይሄዱ ታውቆ።)

ጋሼ፦ በሚመጣው ሳምንት ጋዙ ሲወጣ ይፈጥንብሃል። ግማሽ ጥርስ አጥብቀው፣ ፕላስተሩ ላይ ያለውን ሰርዘህ አዲሱን ጻፍ። ወንፊቷን በየሳምንቱ ፍታት፤ ብሎኗ እንዳትጠፋብህ። ሣጥኑን ዛሬ ቀይር። ደግሞ ፓምፕ ሞተ ብለህ እንዳትጠራኝ።

እኔ፦ እሺ ጋሼ።

እማዬ፦ እሱስ ሆነ። ኮርኒሱን ማን ሊያጥበው ነው?